ምሕረትና ሚዛን፤ ስለ ኪዳነ ምሕረት እምነት በቦረናና በአማራ ሳይንት

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከርሷ በስተ ምዕራብ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ በስተ ሰሜን የአማራ ሳይንት ደጋ ይገኛል፤ ከዚያም ወዲያ የበሽሎ ወንዝ ይፈስሳል። ይህ አገር በመካከለኛው ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል ከነበረው ግዛት ክፍል ሲሆን፥ ገዳማቱ የመጻሕፍት ማኅደር፥ መነኮሳቱም የነገሥታት መምህራን ነበሩ። ስለ እግዚአብሔር ምሕረት በዚያ ዘመን የተጻፈውና የተደነገገው ነገር የምእመናኑን ጸሎት እስከ ዛሬ ይመራል። ከዚህም ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ኖሯል፤ ይኸውም የእግዚአብሔር ምሕረት እንዲያው በነጻ የሚሰጥ ነውን ወይስ ከሰው የሚጠብቀው ዋጋ አለ? የሚለው ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ይገባል። «ምሕረት» መሐረ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው፤ በአማርኛ ማረ ይባላል። እግዚአብሔር ኃጥኡን ማረ፥ ንጉሥ ዐመፀኛውን ማረ፥ ባለደም ጠላቱን ማረ ሲባል ግሡ አንድ ነው። ስለዚህ በሕዝቡ አእምሮ የሰማዩ ምሕረትና የምድሩ ምሕረት ተለያይተው አያውቁም። አንዱ በሌላው ይመሰላል፤ አንዱም በሌላው ይፈረዳል።

ከዚህ አገር ሊቃውንት መካከል ቀዳሚው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ናቸው። ጋስጫ በቦረና አገር የሚገኝ ገዳም ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው አባታቸው ሕዝበ ጽዮን የቤተ መንግሥት ካህን ነበሩ፤ ልጃቸውንም ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላኩት። ብላቴናው ግን ትምህርት አልገባው ስላለ ለገዳሙ እህል በመፍጨት ያገለግል ነበር። በኋላም በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ሲጸልይ ዕውቀት እንደ ጽዋ ተሰጠው ይባላል። በዚህ ትረካ ውስጥ ዕውቀት የትጋት ደመወዝ አይደለም፤ ስጦታ ነው። ኋላ ለሌሊት አገልግሎት የሚሆነውን መጽሐፈ ሰዓታት ደረሱ። መጽሐፈ ምሥጢር የተባለውን በየበዓሉ የሚነበብ የሃይማኖት መጽሐፋቸውንም በ1416 ዓ.ም. ፈጸሙ፤ በዓመቱም ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፉ።

በዚያው ዘመን በዐፄ ዳዊት መንግሥት ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። መጽሐፉ በምዕራብ አውሮፓ ከተሰበሰቡት ተአምራት የመነጨ ሲሆን፥ በምሥራቅ አልፎ ኢትዮጵያ ከደረሰ በኋላ የአገሩን ታሪክ እየጨመረ ሰፍቷል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት የዳዊት ልጅ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፥ የእመቤታችንም በዓላት እንዲከበሩ ደነገጉ። ከበዓላቱ መካከል የካቲት 16 ቀን የሚውለው ኪዳነ ምሕረት ነው። ይኸውም ክርስቶስ መታሰቢያዋን የሚያደርገውን፥ በስሟም ለድኃ የሚሰጠውን እምርልሻለሁ ብሎ ለእናቱ የገባው ቃል ኪዳን ነው።

የኪዳኑ ምሳሌ ሆኖ የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። የቅምር አገር ሰው የሆነው ይህ በላተኛ ቤተ ሰዎቹን ጨምሮ 78 ነፍስ በልቷል። አንድ ቀን በውኃ ጥም የተያዘ በቁስል የተመታ ድኃ በእመቤታችን ስም ቢለምነው፥ ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ ነፍሱ በሚዛን ተመዘነች፤ ጥላዋም በሚዛኑ ላይ ቢያርፍ ያቺ ጥርኝ ውኃ 78ቱን ነፍስ መዘነች ይባላል።

ይህን ታሪክ በሁለት መንገድ መረዳት ይቻላል። አንደኛው፥ ውኃው ዋጋ ነው፤ ትንሽም ቢሆን የሰው ሥራ ነው የሚል ነው። እንዲህ ከሆነ ግን ነገሩ ፍርድ አይባልም፤ ጥርኝ ውኃ የ78 ሰው ደም ካሣ ሊሆን አይችልምና። ሁለተኛው፥ ተራኪው ውኃውን ያሳነሰው ሆነ ብሎ ነው፤ ሚዛኑን ያጋደለው የውኃው ክብደት ሳይሆን ከላይ ያረፈው ጥላ መሆኑን ለማሳየት ነው የሚል ነው። ታሪኩን በቀጥታ ለሚያነብ ይህ ሁለተኛው ይበልጥ ይስማማል። ውኃው የምሕረት መግዣ አይደለም፤ ምሕረት የሚገባበት ደጅ ነው። ይሁን እንጂ ደጁም መከፈት አለበት፤ ለተጠማው ያልራራ እጅ ምሕረትን ለመቀበልም የተዘጋ ነውና።

ይህ ጥያቄ በሌላውም ዓለም ተነሥቷል። በ16ኛው ምእተ ዓመት የአውሮፓን ክርስቲያን የከፈለው ጸጋ ወይስ ምግባር የሚለው ክርክር ነበር። ዲያቆን ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊም በ1526 ዓ.ም. ወደ ዊተንበርግ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ተነጋግሯል። በቤተ አምሐራ ግን ጥያቄው በአንቀጽ ተቈጥሮ አልቀረበም፤ በተአምር፥ በሥዕልና በሌሊት ጸሎት ተገለጠ እንጂ።

የምድሩ ምሕረት በዕርቅ ሥርዓት ይታያል። በደለኛው ድንጋይ ተሸክሞ በተበደለው እግር ሥር ይወድቃል፤ ካህኑ መስቀል ይዞ፥ ሽማግሌዎችም «ስለ እግዚአብሔር» እያሉ ይለምናሉ። ካሣው ይቈረጣል፤ ነገር ግን የሟችን ነፍስ የሚያህል ካሣ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። «ይፍታህ» የሚለው ቃል ከካሣው በላይ የሚሰጥ ነው። ክርስቲያንና እስላም ጎረቤት ሆኖ በሚኖርበት በወሎ፥ ለዕርቅ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ናቸው።

ታሪክ ግን ተቃራኒውንም መዝግቧል። የምሕረትን በዓል የደነገጉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለእመቤታችንና ለመስቀል አንሰግድም ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስ በጽኑ ቀጥተዋል። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው ተዋሕዶን አጸኑ፤ የሦስት ልደትንም ትምህርት አወገዙ። የወሎ እስላም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ እንደ ሼኽ ጠልሐ ያሉት ግን እንቢ ብለው ተነሡ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ብዙ ሰውም ተሰደደ። በነጻ ይሰጣል የተባለው ጸጋ በዐዋጅ ግዴታ በሆነ ጊዜ ስሙ እንጂ ጠባዩ አልቀረም።

ከዚህ የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። በዚህ ደጋ የተደረሰውና የተነበበው ትምህርት ምሕረትን ከሰው ሥራ በላይ አድርጎ አስቀምጧታል፤ ከሰውም የሚጠይቀው ጥርኝ ውኃ ብቻ ነው። ድኃው በለመነ ጊዜ ውኃው የተሰጠው ሃይማኖቱ ተመርምሮ አልነበረም፤ መጠማቱ ታይቶ ነው። መጽሐፉን ያነበቡት ኃያላን ይህን ቃል በረሱበት ዘመን፥ በየመንደሩ ድንጋይ ተሸክሞ የወደቀውን «ይፍታህ» ብሎ ያነሣው ባላገር ግን ጠብቆታል።