ክራርን የሚጠግን እጅ



በሀገራችን ክራር መቺው ይታወቃል፤ በገና ደርዳሪው ይከበራል፤ ማሲንቆ የያዘ አዝማሪም ከሠርግ ቤት ደጃፍ ሲደርስ መንገድ ይለቀቅለታል። ነገር ግን፥ ክራሩን ማን ሠራው? ቆዳውን ማን ወጠረው? በተሰነጠቀስ ጊዜ ማን ጠገነው? ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ዛሬ የምናወሳው ስሙ ስላልተጻፈለት ስለዚህ ሠሪና ጠጋኝ ነው። ነገሩንም የምንጀምረው ከምዕራብ ካፋ፥ ከቢታ ገነት ነው። የዜማ መሣሪያ ታሪክ መነሻው ዛፍ ነውና፥ ከደን አገር መጀመሩ ተገቢ ይመስለናል።

ቢታ ገነት በካፋ ዞን የቢታ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የዞኑ ዋና ከተማ ቦንጋ ስትሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2021 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተመሠረተ ወዲህ የክልሉም መቀመጫ ሆናለች። የካፋ ደን፥ ቡና በዱር የሚበቅልበት ደን በመሆኑ በዓለም የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ብሎ መዝግቦታል። በዚህ ደን ውስጥና በየገበሬው ማሳ ዳር ቀረሮ፥ ዝግባ፥ ጥቍር እንጨትና ዋንዛ ይገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ ዋንዛ ለቡና ጥላ ይሆናል፤ ለበርና ለጠረጴዛም ይፈለጋል፤ ለመጥረቢያና ለመሮ የሚታዘዝ ለስላሳ እንጨት ስለ ሆነ የዜማ መሣሪያ ሠሪዎችም ይወዱታል።

ይሁን እንጂ ያን ደን ያለመለመው ዝናብ የዜማ መሣሪያ ጠላት ነው። በካፋ ብዙ ቦታዎች በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል፤ ደመና የማይታይበትም ወር ጥቂት ነው። ከደረቅ አገር ወደ ቢታ ገነት የተሾመ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጊታሩን ወይም ክራሩን ይዞ ቢሄድ፥ ጥቂት ወራት ቈይቶ መሣሪያው ቃናውን እንደ ለወጠ ይገነዘባል። ይህም የመሣሪያው ክፋት አይደለም። እንጨት ከተቈረጠ በኋላም ቢሆን ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ አየሩ ሲደርቅም የጠጣውን ይመልሳል። ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲመልስ ይኮማተራል። ይህ ማበጥና መኮማተር በእንጨቱ ርዝመት እምብዛም አይታይም፤ በወርዱ ግን ብዙ ነው። ሁለት እንጨቶች እርስ በርሳቸው ተሻግረው በሙጫ ከተጣበቁ፥ አንዱ ሲሰፋ ሌላው ስለማይሰፋ፥ ወይ ሙጫው ይለቅቃል፥ ወይ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

የጊታር ነገር ከዚህ የባሰ ነው። ስድስቱ የብረት ክሮች ተወጥረው ሲቃኙ አንገቱንና ሆዱን የሚስቡበት ኀይል 70 ኪሎ ያህል ክብደት ከማንጠልጠል ይቈጠራል። እርጥበት ሙጫውን ያላላው እንደ ሆነ፥ ክሮቹ የታሰሩበት ድልድይ ከሆዱ ላይ መነሣት ይጀምራል፤ አንገቱም ወደ ፊት ይጐብጣል። በዚህ ጊዜ ቸኩሎ ሚስማር መምታት መሣሪያውን መግደል ነው። ጠቢቡ ጠጋኝ አስቀድሞ ክሮቹን ያላላል፤ መሣሪያውን ከጥላ ሥር አሳርፎ ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፤ ከዚያ በኋላ አሮጌውን ሙጫ አጽድቶ እንደ ገና ያጣብቀዋል። ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚወጣውን የጥንቱን ሙጫ የዓለም ቫዮሊን ጠጋኞች እስከ ዛሬ የሚወዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለቅቅ፥ እንጨቱን ሳይጐዱ መክፈትና መልሶ መግጠም ያስችላል።

የእኛ መሣሪያዎች ደግሞ በጊታር የእንጨት ሆድ ምትክ ቆዳ አላቸው። ቆዳው ተፍቆ በውሃ ይርሳል፤ ርጥብ ሳለ በገበቴው አፍ ላይ ይወጠራል፤ በጠፍር ይታሰራል፤ በጥላም እንዲደርቅ ይተዋል። ሲደርቅ ራሱን በራሱ ስለሚስብ እንደ ከበሮ ይጠነክራል። በፀሐይ ቢደርቅ ግን አንዱ ወገን ቀድሞ ይስብና ይቀደዳል። ስለዚህ ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ሥራ ሊይዝ አይችልም። እንጨቱም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ በጥላና በነፋስ በሚገባ እስኪደርቅ አንድ ዓመት ያህል ሊፈጅ እንደሚችል አናጢዎች ያውቃሉ።

እንግዲህ በገናን እንመልከት። ሁለት ምሰሶዎች አሉት፤ በላያቸው ቀንበር ይጋደማል፤ በታች ገበቴው ይገኛል። ከበግ አንጀት ታጥበው፥ ተፍቀውና ተገምደው የተሠሩ ዐሥር አውታሮች ከቀንበሩ ወደ ታች ወርደው በብርኵማው ላይ ያልፋሉ። በእያንዳንዱም አውታርና በብርኵማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቍራጭ ትገባለች። ያ የበገና ድምፅ፥ እንደ ንብ መንጋ የሚያጕረመርመው፥ ከዚህች ቍራጭ የሚወጣ ነው። እንዚራዋ ከቦታዋ ጥቂት ብትንሸራተት ድምፁ ይደነቍራል፤ መልሳ ስትስተካከል ይነሣል። ንጉሥ ዳዊት በብራና መጻሕፍታችን ላይ በገና ይዞ ሲሣል የምናየው መሣሪያ፥ ክብሩ ሁሉ በጥፍር በምታህል ቍራጭ ቆዳ ላይ የተመሠረተ ነው።

አሁን ልብ እንበል። እንጨቱ ከአናጢ፥ ቆዳው ከፋቂ፥ አንጀቱ ከበግ አራጅ፥ መሮውና ቢላዋው ከብረት ቀጥቃጭ ይመጣል። የዜማ መሣሪያ ማለት የብዙ ባለ እጆች ማኅበር ነው። እነዚህ ባለ እጆች ግን በሀገራችን ለብዙ ዘመን ተንቀው ኖረዋል። በጥንታዊው የካፋ ማኅበር ቆዳ የሚያለፉ፥ ሸክላ የሚሠሩና ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች፥ በጫካም በአደን ይኖሩ የነበሩት የማንጆ ወገኖቻችን፥ ከሌላው ሕዝብ ጋራ በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፥ አይጋቡም ነበር። በሰሜኑም ክፍል ፋቂና ቀጥቃጭ የስድብ ቃል ሆኖ ይነገር ነበር። በከበሮው እየዘፈነ፥ በክራሩ እየተደሰተ፥ ቆዳውን ያለፋውን ሰው ከደጁ ላይ የሚያቆም ሕዝብ ራሱን በራሱ ይቃረናል።

የካፋ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ከተያዙ በኋላ፥ ከሰሜንና ከመካከለኛው ክፍል ወታደሮች፥ ካህናትና ሹማምንት ወደ ካፋ ገቡ። ከዚህ ጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ትልቅ ነገር ነበር፤ የሥራን ክብር ከመንግሥት አፍ አሰምቷልና። ሆኖም ልማድ በአንድ አዋጅ አይሻርም። ንቀቱ በካፋም ሆነ በሌላው የሀገራችን ክፍል እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም። የተናቀ ሙያ ደግሞ ልጅ አይወርሰውም፤ ልጅ ያልወረሰውም ሙያ ከአባቱ ጋራ ይቀበራል።

ሙያ በንቀት ብቻ ሳይሆን በዝምታም እንደሚደክም በገና ምስክራችን ነው። በዐቢይ ጾም በገና በራዲዮ ይሰማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ማስተማር ጀመሩ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ግን በገና ከራዲዮ ወረደ፤ የትምህርት ቤቱም የበገና ትምህርት ኋላ ተቋረጠ። ተማሪ ሲጠፋ ገዢ ይጠፋል፤ ገዢ ሲጠፋ ሠሪው መሮውን ሰቅሎ ሌላ እንጀራ ይፈልጋል። ከ1991 ወዲህ ብዙ ወጣቶች እንደ ገና በገና መማር በመጀመራቸው ሠሪውም ተመልሶ ተፈልጓል። ያን ጊዜ ሙያውን በልቡ ይዞ የቈየ ሰው ባይገኝ ኖሮ፥ ዛሬ በገናን የምናውቀው በሥዕል ብቻ በሆነ ነበር።

ሙያው ሲከበር ምን ሊሆን እንደሚችልም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብጻዊው የሙዚቃ ሊቅ ሀሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን ጓድ አቋቋመ። በየአገሩ ለየብቻቸው ይሰሙ የነበሩት ክራር፥ ማሲንቆ፥ በገና፥ ዋሽንትና ሌሎችም በአንድ መድረክ ተሰበሰቡ። ብቻውን የሚዘፍን ክራር መቺ ክራሩን እንደ ጕሮሮው ይቃኛል፤ ብዙ መሣሪያዎች በአንድነት ሲመቱ ግን ሁሉም በአንድ ቃና መጽናት አለባቸው፤ ይህም መጀመሪያ የሠሪው ፈተና ነው። ጓዱ በ1969 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ዜማውን አሰምቷል። ዛሬ ደግሞ ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ ክራርና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክራር በየመድረኩ ይታያሉ። እነዚህንም መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ሰው በሥራ ቤቱ አስቧቸዋል፥ ጠርቧቸዋል።

የሌላውም ዓለም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሊዮናርድ ዉሊ የተባለው እንግሊዛዊ በኢራቅ፥ ኡር በተባለችው ጥንታዊት ከተማ የነገሥታት መቃብር ሲቈፍር፥ 4,500 ዓመት ያህል የቈዩ የክራር ዘመዶች አገኘ። ወርቁና ዕንቍው ነበረ፤ እንጨቱ ግን በስብሶ ጠፍቶ ነበር። ዉሊ እንጨቱ በአፈሩ ውስጥ ትቶት በሄደው ባዶ ቦታ ጄሶ አፍስሶ ቅርጹን አወጣ። በዚያ አገር መሣሪያው የሙዚየም ዕቃ ሆነ፤ በኢትዮጵያ ግን የዚያ ወገን መሣሪያ ዛሬም በእጅ ተይዞ ይመታል። ይህን ያስገኘው የእኛ እንጨት አለመበስበሱ አይደለም፤ አንዱ ሲበሰብስ ሌላውን የሚሠራ እጅ አለመታጣቱ ነው።

በስጳንያ አገር ደግሞ አንቶንዮ ዴ ቶሬስ የተባለ ጊታር ሠሪ ነበረ፤ የኖረውም እ.ኤ.አ. ከ1817 እስከ 1892 ነው። የጊታር ድምፅ የሚወለደው ከሆዱ ሳንቃ እንደ ሆነ ለማስረዳት፥ በ1862 ጐኑንና ጀርባውን ከወረቀት ጥፍጥፍ፥ ሆዱን ግን ከጥሩ እንጨት አድርጎ አንድ ጊታር ሠራ። ያ ጊታር እስከ ዛሬ በባርሴሎና ይገኛል። የክራራችን ቆዳ ልክ እንደዚያ ሳንቃ ነው፤ ገበቴው ዋንዛ ቢሆንም ቆዳው ከላላ ድምፅ የለም። ቶሬስ ሌላም መልካም ልማድ ነበረው፤ በጊታሮቹ ውስጥ ስሙን፥ ከተማውንና ዓመቱን የያዘ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆንም ስሙን ጠርተን ሥራውን የምናወሳው በዚያች ወረቀት ምክንያት ጭምር ነው።

ወደ ቢታ ገነት እንመለስ። አንድ ሰው፥ ደን በሞላበት አገር አሮጌ ክራር ከመጠገን አዲስ መሥራት አይሻልምን? ይል ይሆናል። መልሱ ሁለት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 94 ዋንዛን፥ ዝግባን፥ ኮሶንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቍረጥ ከልክሎ ነበር፤ ያ አዋጅ በኋላ በሌሎች አዋጆች ቢተካም፥ አገር በቀል ዛፎች የሚጠፉ መሆናቸው ያሳሰበው ያን ጊዜ ብቻ አይደለም። ከዚህም በላይ አሮጌ እንጨት ማበጥና መኮማተሩን ብዙ ዘመን የተለማመደ ስለ ሆነ፥ ከርጥብ እንጨት ይልቅ ይታመናል። የፈረሰ በር፥ የተሰበረ ሳጥን፥ ለጠጋኝ እጅ ሀብት ነው።

ስለዚህ፥ አንባብያን ሆይ፥ በቢሮ የምትውሉና በብዕር የምትኖሩ ሁሉ ለዚህ ሙያ ልታደርጉት የምትችሉት ቀላል ነገር አለ። መሣሪያችሁ ሲጐዳ አትጣሉት፤ ጠጋኝ ፈልጉለት። የድካሙንም ዋጋ እንደ ምጽዋት ሳትቈጥሩ ክፈሉት። ቆዳው ሲቀየር ገበቴው ክፍት በሚሆንበት ጊዜ፥ የሠሪውን ወይም የጠጋኙን ስም፥ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ከእርሱ ጠይቃችሁ በውስጡ ጻፉበት። ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው እንዲሉ፥ ሥራው በስሙ ይታወቅለት። እናንተ ደብዳቤ ስታዘጋጁ ቍጥርና ቀን መጻፍ እንደማትረሱ፥ ይህንም አትርሱ። አንድ ቀን ያ ክራር ከልጅ ልጆቻችሁ እጅ ሲገባና ቆዳው እንደ ገና ሲነሣ፥ በቢታ ገነት የነበረ የአንድ ባለ እጅ ስም ከገበቴው ውስጥ ይነበባል።