የላንቴ ሙዝና የአዳ ቀለበት

ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን፣ በአባያ ሐይቅ በኩል፣ ላንቴ የምትባል የሙዝ አገር አለች። ሙዟን ያልቀመሰ ተማሪ በመካከላችን ይኖራል ብለን አንገምትም። ታዲያ ሙዝ ውስጥ ፖታሲየም አለ፤ ከዚህም ጥቂቱ ፖታሲየም 40 የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ሲፈርስ፣ በአንዲት ሙዝ ውስጥ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት አንዴ ያህል፣ ፖዚትሮን የምትባል ቅንጣት ትወጣለች። ፖዚትሮን የኤሌክትሮን ተቃራኒ ናት፤ ክብደታቸው እኩል፣ ቻርጃቸው ግን የተለያየ ነው። ሁለቱ ከተገናኙ ተጠፋፍተው ጨረር ይሆናሉ። በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ የሚገባው ሙዝ እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዞ ነው የሚጓዘው!

«እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ስለ ቅንጣት ምን አገባን?» የሚለን ይኖር ይሆናል። ያገባናል። ማንም በዓይኑ ያላየው ነገር በእርግጥ መሆኑን በማስረጃ ማሳየት የእኛም ሙያ ነውና። ይህን ሙያ ከፊዚክስ ተማሪ መማር እንችላለን፤ ታሪኩም እነሆ።

ብሩኖ ቱሼክ እ.ኤ.አ. በ1921 ቪየና ተወለደ። እናቱ አይሁዳዊት ስለነበረች ናዚዎች ትምህርቱን አስተጓጎሉበት፤ በ1945ም ሃምቡርግ ውስጥ አሰሩት። ከሞት ተርፎ በ1949 ግላስጎ ላይ ዶክትሬቱን ያዘ፣ ኋላም ኢጣሊያ ገባ። ማርች 7 ቀን 1960 ሮም አጠገብ በሚገኘው የፍራስካቲ ቤተ ሙከራ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ይኸውም ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ቻርጃቸው ተቃራኒ ስለሆነ አንድ ማግኔት ሁለቱንም በአንድ ቀለበት፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ሊያዞራቸውና ሊያጋጫቸው ይችላል የሚል ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ በፌብሯሪ 1961፣ «አዳ» የተባለችው ማሽን ሥራ ጀመረች። ቅንጣቶቹ የሚዞሩባት መንገድ ርዝመቱ 4 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር።

ነገር ግን ፍራስካቲ ላይ በቂ ፖዚትሮን አልተገኘም። ስለዚህ በ1962 ክረምት አዳ በካሚዮን ተጭና፣ ውስጧ አየር እንዳይገባ ፓምፗ በባትሪ እየሠራ፣ የአልፕስን ተራሮች ተሻግራ ፓሪስ አጠገብ ኦርሴ ገባች። በዚያ ዣክ አይሲንስኪ የሚባል ወጣት የዶክትሬት ተማሪ ከቡድኑ ጋር ተቀላቀለ። በ1963 ግን ሌላ ችግር መጣ፦ ቅንጣት በበዛ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ጀመር። ቱሼክ ምክንያቱን ደረሰበት፤ አብረው የሚጓዙት ቅንጣቶች ራሳቸው እየተገፋፉ ከመንገድ ይወጣሉ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የቀረው ትልቁ ጥያቄ ግጭቱ በእርግጥ አለ ወይ የሚል ነበር። ከላንቴ ወደ አርባ ምንጭ ገበያ የሚሄዱና ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ጠባብ መንገድ ላይ ተገናኙ እንበል። ከሚሄዱት መካከል በድንጋይ የሚደናቀፈው የሚበዛው ሂያጁ ሲበዛ ነው፤ የተመላሹ ቁጥር ለዚህ ምኑም አይደለም። ትከሻ ለትከሻ የሚጋጨው ግን በሁለቱም ቁጥር ይበዛል፤ ሁለቱም እጥፍ ቢሆኑ ግጭቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አዳ ውስጥ ድንጋዩ ተመጥጦ ያላለቀው ጥቂት አየር ነው። እነ አይሲንስኪ ከቀለበቷ የሚወጣውን ጨረር ቆጠሩ፣ ከሁለቱም ወገን ቅንጣቶች ቁጥር ጋር አስተያዩ፤ የትከሻውም ግጭት ተገኘ። ተማሪው በ1965 የዶክትሬት ጽሑፉን በዚሁ ሥራ አቀረበ።

አዳ አንድም አዲስ ቅንጣት አላገኘችም። ያቺ ትንሽ ቀለበት ግን መንገዱ እንደሚያስኬድ አሳየች። ከእሷ በኋላ በ1971 ጄኔቭ አጠገብ ፕሮቶን ከፕሮቶን ተጋጨ፤ በ1983 ደብልዩና ዜድ የተባሉት ቅንጣቶች ተገኙ፤ ጁላይ 4 ቀን 2012 ደግሞ 27 ኪሎ ሜትር ከሚዞረው ማሽን የሂግስ ቅንጣት መገኘት ተነገረ። ዛሬ አትላስ በሚባለው ሙከራ ብቻ ከሺህ በላይ የዶክትሬት ተማሪዎች ይሠራሉ። የብዙዎቹም የዕለት ጥያቄ ያው የአይሲንስኪ ጥያቄ ነው፦ ከቆጠርነው ውስጥ ድንጋዩ የቱ፣ ትከሻው የቱ?

«ይህ ለእኛ አይሆንም» የሚለው አባባል በመካከላችን ሥር ሰዷል። በከፊል እውነት አለው፤ አዳ ትንሽ ብትሆንም ከጀርባዋ የመንግሥት ገንዘብ፣ የሠለጠነ መካኒክና በሯን የከፈተች ጎረቤት አገር ነበሩ። ይሁን እንጂ መቁጠርና ማመዛዘን 27 ኪሎ ሜትር አይጠይቅም። አርባ ምንጭ በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በ2004 ዩኒቨርሲቲ አግኝታለች። አትላስ ላይ የሠሩት ትውልደ ቶጎ ኬቴቪ አሳማጋን ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑበት የአፍሪካ የፊዚክስ ትምህርት ቤትም ከ2010 ወዲህ ከአገር አገር እየተዘዋወረ ተማሪዎችን ያስተምራል። ኢጣሊያኖቹ ጨረር ሲያንሳቸው ማሽናቸውን ጭነው ጎረቤት ሄዱ እንጂ ቁጭ ብለው አላለቀሱም። የላንቴ ልጅም እንዲሁ ተነሥቶ የሚሄድበት በር እንዳለ ይወቅ፤ ከመሄዱ በፊት ግን እዚሁ መቁጠር የሚያስተምረው ቤተ ሙከራ ይፈልጋል። ይህን መጠየቅ የፊዚክስ ተማሪዎች ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ድርሻ ነው።