ከመሐመድ ዓሊ እስከ ንጉሥ ሚካኤል

ከመካነ ሰላምና ከሳይንት ደጋ እስከ ደሴ ድረስ የወሎን ታሪክ የሚያጠና ሰው የንጉሥ ሚካኤልን (አባ ሻንቆ) ሕይወት ሳይመረምር ሊያልፍ አይችልም።

የወረ ሂመኖው ኢማም ልጅ መሐመድ ዓሊ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ በታወጀው መሠረት ክርስትና ተነሡ። የክርስትና አባታቸውም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ። ራስ ተብለው ወሎን ገዙ፤ የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ኢያሱን ወለዱ፤ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ዘመቱ። በ1906 ዓ.ም. ልጃቸው አነገሧቸው።

ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሲሻሩ፣ ዋናው ክስ ወደ እስልምና አዘንብለዋል የሚል ነበር። ንጉሡ ወደ ሸዋ ዘምተው ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑልሰገድን ጦር ድል ቢያደርጉም፣ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላም በግዞት እንዳሉ ዐረፉ።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ አባት ሃይማኖት የለወጡት በአዋጅ ነው፤ ልጅ ግን ሃይማኖት ለወጡ ተብለው ተሻሩ። ስለዚህ ሰገሌን የሥልጣን ሽሚያ ብቻ አድርጎ ማንበብ፣ ከቦሩ ሜዳ የጀመረውን ጥያቄ መዘንጋት ይሆናል።