ጠፍር የያዘው ድንጋይ

በጠፍር አልጋ ላይ ተኝቶ ያደገ ሰው ይህችን ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ደግሞ የያዘውን ነገር ጥርቅም አድርጎ ያስራል። በሰሜን አሜሪካ ሰፊ ሜዳ ላይ የኖሩት እንደ ላኮታ ያሉ ሕዝቦች በዚህችው ብልሃት ድንጋይን ከእንጨት ጋር አጋብተዋታል።

እንቁላል የመሰለ ድንጋይ ወገቡ ላይ በሌላ ድንጋይ ተቀጥቅጦ ቦይ ይወጣለታል። የእንጨት እጀታ ይደረግለትና በእርጥብ የጎሽ ቆዳ ተጠቅልሎ በጅማት ይሰፋል። ሲደርቅ ምስማር የለ፣ ሙጫ የለ፣ ንቅንቅ አይልም!

ታዲያ የዛሬ ሻጮች ይህን የመሰለውን ሁሉ «የጦር ዱላ» ይሉታል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ከመካከሉ ስንቱ የሴቶች መውቀጫ ነበር! የደረቀ ሥጋና የዱር ፍሬ ተወቅጦበታል፤ የድንኳን ካስማ ተመትቶበታል። ሌላው ደግሞ ሕዝቡ ወደ ተከለለ መሬት ከተገፋ በኋላ ለጎብኚ ገበያ የተሠራ ነው።

ጥገናውም የራሱ ጣጣ አለው። ቆዳው ሲሰነጠቅ «ላለስልሰው» ብሎ ውኃ የሚነክረው ሰው፣ ቆዳው ዳግም ሲደርቅ ተኮማትሮ ይብስበታል። አዲስ ቆዳ አልብሶ በሻይ ቀለም የሚያስረጀው ደግሞ ታሪኩን ፍቆ ውሸት ይሰፋል። ቤተ መዘክሮች በፊት ከብል ለመከላከል አርሴኒክ ይቀቡ ስለነበር በባዶ እጅ መነካካቱም ያስፈራል። ደህና ጠጋኝ ያለውን ይደግፋል፤ የጨመረውን አይደብቅም፤ የሠራውንም ይመዘግባል።

ከመርፌው በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ዕቃው ከማን እጅ ወጣ? እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 1890 የአሜሪካ ወታደሮች በዉንድድ ኒ ከ250 በላይ ላኮታዎችን ፈጁ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከሟቾቹ ላይ የተገፈፈው ልብስና ዕቃ ለሰብሳቢ ተሸጠ። በ1990 የወጣው ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ቤተ መዘክሮች እንዲህ ያለውን ቅርስ እንዲመልሱ ያዛል፤ የመመለስ ግዴታው ግን የግል ሰብሳቢን በር አያንኳኳም። በ2022 በማሳቹሴትስ፣ ባሬ የሚገኝ አንድ ትንሽ ቤተ መዘክር 150 ያህል ዕቃዎችን ለላኮታዎች መልሷል። የፈጀበት ጊዜ? ከመቶ ዓመት በላይ!

የ1868ቱን የመቅደላ ዘረፋ ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ ጥያቄ ባዕድ አይደለም። የተሰነጠቀ ጠፍር ይሰፋል። የተሰረቀ ነገር ግን የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ባለቤቱ ጋ እስኪደርስ አልተጠገነም።