የብስክሌተኞቹ ደጀን

ልጅ ሆኜ ብስክሌት የምነዳው በኪራይ ነበር፤ ሰዓት ተቆጥሮ። አንድ ቀን ታዲያ ከሰፈሬ ርቄ ሄጄ ጎማው ተነፈሰብኝ። ኪሴ ባዶ፣ ሰዓቱ ደግሞ እየሮጠ ነው። አንድ የመንገድ ዳር ጎሚስታ ጠርቶ ለጠፈልኝ። ሳንቲም እንደሌለኝ ብነግረው፣ «ሂድ ይልቅ፣ ሰዓት እንዳያልፍብህ» አለኝ። የሰውዬውን ስም እንኳ አልጠየቅሁም።

ይሄ ሰው ከስንት ዘመን በኋላ ትዝ ያለኝ፣ በአሜሪካዋ የአዮዋ ግዛት በየዓመቱ ስለሚደረገው «ራግብራይ» ስለሚባል የብስክሌት ጉዞ ሳነብ ነው። (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጉዞውን የጀመሩት እንደኔው የጋዜጣ ሰዎች ናቸው። በ1973 የዴሞይን ሬጂስተር ጋዜጠኛ ጆን ካራስ፣ ባልደረባውን ዓምደኛ ዶናልድ ካውልን አዮዋን በብስክሌት አቋርጦ ያየውን እንዲጽፍ ጎተጎተው። ካውልም «አንተም አብረኸኝ ከሄድክ» በሚል ተስማማ። ጋዜጣው አንባቢ እንዲከተላቸው ጋበዘ። ጊዜው አጭር፣ ወቅቱም ትምህርት የሚከፈትበት ሰሞን ቢሆንም፣ ኦገስት 26 ቀን ከሱ ሲቲ 300 ያህል ሰው ተነሳ። በስድስተኛው ቀን ዳቨንፖርት ሲደርሱ፣ መንገዱን ሙሉ የጨረሱት 114 ነበሩ። ከነሱ አንዱ የ83 ዓመቱ አዛውንት ክላረንስ ፒካርድ ነው፤ ያውም በሴት ብስክሌት! በዓመቱ የተጓዡ ቁጥር ወደ 2,700 አሻቀበ።

የዚህን ጉዞ ታሪክ የሚያወራ ሁሉ ፒካርድን ያነሳል። ይገባዋል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በየዓመቱ ጁላይ መጨረሻ፣ እኛ ዘንድ ዝናቡ ሲወርድ እዚያ ፀሐዩ ሲያቃጥል፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከሚዙሪ ወንዝ እስከ ሚሲሲፒ ወንዝ፣ በአማካይ 750 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በአንድ ሳምንት ይጓዛል። ይህን ሁሉ ሰው ማን ያበላዋል? ማን ያሳድረዋል?

የእኛ ታሪክ የዘመተውን እንጂ ስንቁን የደቆሰችውን በስም አይጠራም። የአዮዋም ደጀኖች እንደዚያው ናቸው። ሻንጣው በካሚዮን ተጭኖ ቀድሞ ይሄዳል። ጉልበቱ የከዳውን ከነብስክሌቱ የምታነሳ መኪና ከኋላ ትከተላለች። አብረው የሚጋልቡ የአየር ኃይል ሰዎች፣ ካቴና የተበጠሰበት ወይ ጎማ የተነፈሰበት ባዩ ቁጥር ወርደው ይጠግኑለታል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ፓይና ፓስታ ያዘጋጃሉ፤ በሽያጩም ለአጥቢያቸው ይረዱበታል። ባለቤቶች ደጃቸው ባለው ሣር ላይ ድንኳን ያስተክላሉ፤ ሻወራቸውንም ይከፍታሉ። ጥቂት መቶ ነዋሪ ብቻ ያላት መንደር በአንድ ቀን የነዋሪዎቿን ብዙ እጥፍ እንግዳ ታስተናግዳለች።

የኛ ሰው «እንግዳ አንድ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን መዳብ» ይላል። የአዮዋ እንግዳ አድሮ ሲነጋ መንገዱን ይቀጥላል፤ መንገዱም በየዓመቱ ይቀየራል። በየከተማው ወርቅ እንደሆነ ይሄዳል ማለት ነው። ጉዞው ሃምሳ ዓመት መዝለቁ ከዚህ ብልሃት ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

ግን ሁሉም ወርቅ አይደለም። በ2004 በክሮፎርድ ካውንቲ አንድ ተጓዥ የመንገዱ ስንጥቅ ጎማውን ይዞበት ወድቆ ሞተ። ቤተሰቡ ከሰሰ፤ ካውንቲው በ2007 በ350,000 ዶላር ተስማማ። ወዲያውም ራግብራይ በግዛቴ እንዳያልፍ ብሎ ከለከለ።

ማንን እንፍረድ? ሟቹ የቤት አባወራ ነው፤ ቤተሰቡ ካሣ መጠየቁ ነውር የለበትም። ካውንቲው ደግሞ ከእንግዶቹ የሚያገኘው የአንድ ቀን ገበያ፣ የሚከፍለው የዓመታት ዕዳ ሲሆንበት ደነገጠ። መንገዱን ለእንግዳ የከፈተ ሰው ለስንጥቁ ሁሉ ተጠያቂ ከሆነ፣ ነገ በሩን ማን ይከፍታል? ስንጥቁን ማንም ካልጠየቀበትስ ማን ይደፍነዋል? አዘጋጆቹ ተጓዥ የሚፈርመውን የኃላፊነት ውል አሻሻሉ፤ ክልከላውም ቆይቶ ተነሳ። ጉዞው ቀጠለ፤ ከዚያ ወዲህ ግን በደጀኑና በተጓዡ መካከል ያለው ወረቀት ወፍሯል።

በወረቀቱ አልከፋም፤ ያስፈልጋል። እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ መንገድ ላይ የቆመ ብስክሌተኛ ያየ ሰው፣ ከመውረዱ በፊት «ብነካው እጠየቅ ይሆን?» ብሎ ማሰብ የጀመረ እንደሆነ ነው። የኔ ጎሚስታ እንደዚያ ቢያስብ ኖሮ፣ ያን ቀን ብስክሌቷን እየገፋሁ በእግሬ ነበር የምገባው።