መሪ ለዐይነ ስውሩ፣ አገልጋይ ለሕመምተኛው

አካል ጉዳተኛን መርዳት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጁምዓ ቀን በመስጂድ ደጃፍ የተዘረጋ እጅ ነው። ሳንቲም ሰጥተን እናልፋለን። ታሪካችን ግን ከዚህ የሚሻል መንገድ ያሳየናል።

ከ1,300 ዓመታት በፊት መቀመጫቸውን ደማስቆ ያደረጉት ኸሊፋ ወሊድ ኢብኑ ዐብዱልመሊክ (ከ705 እስከ 715 እ.ኤ.አ) የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሰው ፊት ቆመው እንዳይለምኑ ድጎማ ቆረጡላቸው። መራመድ ለማይችል አገልጋይ፣ ለዐይነ ስውር ደግሞ የሚመራው ሰው መደቡ። ይህን ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ጦበሪ መዝግበውታል።

ብዙም ሳይቆይ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ (ከ717 እስከ 720) አላህ ይዘንላቸውና፣ የሻም ከተሞች ዐይነ ስውሩን፣ ሽባውንና ሕመም ለሶላት ከመቆም ያገደውን ሁሉ መዝግበው እንዲልኩላቸው አዘዙ። ለእያንዳንዱ ዐይነ ስውር አንድ መሪ፣ ለሁለት ሕመምተኞች አንድ አገልጋይ እንዲመደብ አደረጉ።

ልብ እንበል! የተሰጠው ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ጧት ደግፎ የሚያነሳ፣ መንገድ የሚያሻግር የሰው እጅም ጭምር ነው። ወጪውን የሸፈነው መንግሥት ነው። ስሙ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰው የማንንም ፊት አያይም፤ የሚቀበለው ሐቁን ነው።

ሰደቃችን አይቋረጥ። ዛሬ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች የዕለት ኑሮ በጀት ይመድብ ስንል ግን ምጽዋት እየለመንን አይደለም። እኛስ በሰፈራችን ያሉትን በስም እናውቃቸዋለን? ዑመር የጀመሩት ከመዝገቡ ነበር።