ከ501 ሲቀነስ፦ የሜልበርን ዳርትና ታዳሚው

ሜልበርን ሰው መሰብሰብ ታውቅበታለች። በኖቬምበር የመጀመሪያ ማክሰኞ ለአንድ የፈረስ እሽቅድምድም ብላ ሥራ ዘግታ የምትውል ከተማ ናት። ትልቁ ሜዳዋ ኤም ሲ ጂ 100,000 ሰው ይይዛል፤ በአውስትራሊያ እግር ኳስ የፍጻሜ ቀን ደግሞ ጢም ብሎ ይሞላል። ይህችው ከተማ ግን ሃያ ምናምን ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሚወረወርበት ጨዋታ ፊት አንድ ሌሊት መሳቂያ ሆነች። የዚያ ሌሊት ነገር በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ ጥፋቱን በቢራ ያላክካል። እኔ ሌላ ምክንያት አለኝ። እሱን ለማስረዳት ግን ከሥሩ መጀመር ይኖርብኛል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ሜልበርን ውስጥ ታክሲ ነዳሁ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ማክሰኞ ማታ ከፉትስክሬይ ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ የቀድሞ ወታደሮች ክበብ የዳርት ነጥብ እመዘግባለሁ። ውርወራዬ የሚወራለት አይደለም። መቀነስ ግን እችላለሁ፤ ዳርት በሚጫወቱበት ቤት ደግሞ ቶሎ ቀንሶ የሚጽፍ ሰው የሚጠጣውን ራሱ ገዝቶ አያውቅም።

በጆተኒና በከረንቡላ ላደገ አንባቢ ጨዋታውን ባጭሩ ላስረዳ። እያንዳንዱ ተጫዋች 501 ይዞ ይጀምራል። ሦስት ሦስት ፍላጻ እየወረወረ ያገኘውን ይቀንሳል፤ ዜሮ ላይ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። የመጨረሻዋ ፍላጻ ሁለት እጥፍ በሚያስቆጥረው ቀጭን ቀለበት ውስጥ፣ ወይም እምብርቱ ላይ መግባት አለባት። የቀለበቱ ስፋት 8 ሚሊ ሜትር ነው። ወርዋሪው ከሰሌዳው 2 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይቆማል። ቁጥሮቹ የተደረደሩት ስግብግብን እንዲቀጡ ነው፦ የ20 ጎረቤቶች 1 እና 5፣ የ19 ጎረቤቶች ደግሞ 3 እና 7 ናቸው። ትልቁን ስትመኝ እጅህ ትንሽ ከሳተ ትንሹ እጅህ ላይ ይቀራል። በአንድ ፍላጻ ከፍተኛው 60፣ በሦስት 180 ነው። ስምንት ጊዜ 60 ደግሞ 480 ስለሚሆን 501ን ከዘጠኝ ባነሰ ፍላጻ መጨረስ አይቻልም። በዘጠኝ የጨረሰ ሰው ስሙ ለዘላለም ይጻፋል። ተማሪዎቼን በዚህ ሰሌዳ አስተምሬ ቢሆን ኖሮ መቀነስ የሚፈራ ልጅ ባልኖረ!

ሰሌዳው ራሱ የእኛው ሰፈር ዕቃ ነው። የሚሠራው ከቃጫ ነው፤ የተነቀለው ፍላጻ የከፈተው ቀዳዳ መልሶ የሚጋጠመው በዚህ ምክንያት ነው። ታላላቆቹ ከሚወዳደሩባቸው ሰሌዳዎች ብዙዎቹ ኬንያ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። የክበባችን ሰሌዳ ጀርባም ይህንኑ ይላል፤ ለአዲስ መጤ ሁሉ ገልብጬ አሳያለሁ።

ጨዋታው አውስትራሊያ የገባው ከእንግሊዝ መሸታ ቤት ልማድ ጋር ነው። ሜልበርን ግን ለረጅም ዘመን አልተመቸችውም። ሜልበርን ያለችበት ክፍለ ግዛት ቪክቶሪያ በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ የመጠጥ ተቃዋሚዎች ግፊት በርትቶ መሸታ ቤቶች ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ እንዲዘጉ ደነገገች። ሠራተኛው 11 ሰዓት ከሥራ ይወጣል፤ የቀረችው አንድ ሰዓት ናት። በዚያች ሰዓት ውስጥ የሚችለውን ሁሉ ይጨልጣል። የመሸታ ቤት ባለቤቶችም ብዙ ጠጪ ለማቆም ሲሉ የቢሊያርድ ጠረጴዛውን አወጡ፤ መጠጥ መቅጃውን አስረዘሙ፤ ግድግዳውን ለማጠብ እንዲመች ሸክላ አለበሱት። ሕጉ እስከ ፌብሩዋሪ 1966 ጸንቶ ቆየ፤ ከዚያ ወዲያ መዝጊያው ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት ተገፋ። አንድ የዳርት ሰሌዳ ከፊቱ ባዶ ወለል ይፈልጋል፤ በዚያ ወለል ላይ ደግሞ ስንት ጠጪ ይቆማል! የቡድናችን አለቃ፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ፣ አባቱ በዚያ ዘመን እንዴት ይጠጣ እንደነበር ሲተርክ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ፣ ትከሻውን አጥብቦ፣ ክርኑን ወደ ጎኑ ሰብስቦ ያሳየናል። በዚያ አቋቋም ፍላጻ መወርወር አይታሰብም። እንግዲህ ለሃምሳ ዓመት ሜልበርን የለመደችው ቆሞ በፍጥነት መጠጣትን ነው። ቁጭ ብሎ፣ ተራ ጠብቆ፣ ዝም ብሎ ማየት የተረፈው እንደኛ ባሉ ክበቦችና በየሰፈሩ ቡድኖች ዘንድ ነው።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ ሌላ መንገድ ይዛ ነበር። በ1939 ለንደን ውስጥ፣ በሮያል አግሪካልቸራል አዳራሽ፣ አንድ የጋዜጣ ዋንጫ ፍጻሜ ለማየት ከ14,000 በላይ ሰው ተሰብስቧል። ቴሌቪዥን ሲመጣ ጨዋታው እንጀራ ሆነ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1978 ኖቲንግሃም ውስጥ ተካሄደ፤ ዌልሳዊው ሌይተን ሪስ ጆን ሎውን አሸነፈ። ከዚያ ትንሿን ጣቱን ቀስሮ የሚወረውረው፣ በትዕቢቱ የሚወደደውም የሚጠላውም ኤሪክ ብሪስቶው መጥቶ አምስት ጊዜ ነገሠ። ብሪስቶው ከሁሉ የበለጠ የሠራው ግን አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ መርዳቱ ነው። ፊል ቴይለር የመጸዳጃ ቤት ወረቀት ማንጠልጠያ ከሸክላ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ብሪስቶው ገንዘብ አበድሮ ወደ ውድድር ላከው። በ1990 ፍጻሜ ላይ ተገናኙ። ተማሪው መምህሩን 6 ለ 1 ረታ። ቴይለር 16 የዓለም ዋንጫ ይዞ ጨዋታውን ተሰናበተ።

የዳርት ተጫዋች በስሙ ብቻ ወደ መድረክ አይወጣም። እኛ አጼ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እንደምንለው ሁሉ፣ እነዚህም የፈረስ ስም አላቸው። ቴይለር «ኃይሉ» ነው። ከኒው ሳውዝ ዌልስ የወጣው፣ ጢሙ የረዘመ ጸጉሩም የተጎነጎነው ሳይመን ዊትሎክ «ጠንቋዩ» ነው፤ በ2010 የዓለም ፍጻሜ ደርሶ በቴይለር 7 ለ 3 ተሸነፈ። ከዚያ ቀድሞ በ2002 የኩዊንስላንዱ ቶኒ ዴቪድ ሜርቪን ኪንግን 6 ለ 4 አሸንፎ ያኔ ለሁለት ከተከፈሉት የጨዋታው ማኅበራት በሌላኛው የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ደሙ ቶሎ የማይረጋ ሕመምተኛ ነው፤ በዚሁ የተነሣ የሚወረውርበትን ክንዱን እንደ ሰው ሁሉ መዘርጋት አይችልም። ያንን ክንድ ይዞ የዓለም አንደኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አንድ ቀን ክርንን አጠፍ አድርጎ መወርወር በቂ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ካይል አንደርሰን ነው። የአገሩ ነባር ሕዝብ ልጅ፣ ከምዕራብ አውስትራሊያ የመጣ፤ መጠሪያውም «ነባሩ» የሚል ነው። በዲሴምበር 2013 በመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናው፣ በለንደኑ የአሌክሳንድራ ፓላስ መድረክ፣ ዘጠኟን ፍላጻ አሟልቶ ጨረሰ። ጨዋታውን ግን በኢያን ዋይት 3 ለ 1 ተሸነፈ። ፍጹም የሆነ ነገር ሠርቶ መሸነፍ! ስኳር ሕመም ነበረበት፤ በ2021 በ33 ዓመቱ ዐረፈ። ፎቶው ክበባችን ግድግዳ ላይ፣ ከሰሌዳው በስተግራ ተሰቅሏል።

አሁን ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። ጃንዋሪ 10 ቀን 2015፣ ቅዳሜ። በዚያን ጊዜ ኢቲሃድ ይባል በነበረው በዶክላንድስ ስታዲየም የግብዣ ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር። ታዳሚው እንደ እንግሊዙ ልማድ የማስመሰያ አልባሳት ለብሶ መጥቷል። ዊትሎክና የኔዘርላንዱ ሚካኤል ቫን ገርወን ፍጻሜ ላይ ሳሉ ከታች የፕላስቲክ ወንበር መብረር ጀመረ። ጠረጴዛ ተገለበጠ፤ ወንበሩ እንደ ደመራ ተከመረ። ፖሊስ ገብቶ ሰው አስወጣ። ቪዲዮው በማግሥቱ ዓለምን ዞረ።

እኔ ያን ሌሊት ታክሲ ላይ ነበርኩ። በስታዲየሙ አቅራቢያ አራት የመነኩሲት ልብስ የለበሱ ጢማም ጎረምሶች ጫንኩ። ጨዋዎች ነበሩ፤ አንዱማ ቆቡ ጣሪያ እየነካ ስላስቸገረው አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «ማን አሸነፈ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርስ በርስ ተያዩ። «ወንበሩ» አለ አንደኛው፤ ተሳሳቁ። ነጥቡን የሚያውቅ አልነበረም።

የእኔ ክርክር ከዚህ ይነሣል። ስምንት ሚሊ ሜትር ቀለበት እግር ኳስ ሜዳ በሚያህል ቦታ ሆኖ በዐይን ማየት አይቻልም። ታዳሚው የሚያየው ስክሪን ነው። ስክሪንማ ቤቱም አለው። ነጥቡን ተከትሎ ልቡ እንዲሰቀል የሚያደርገው ሰው ከሌለ፣ 170 ሲቀር በሦስት ፍላጻ መጨረስ እንደሚቻል፣ 169 ሲቀር ግን እንደማይቻል ካላወቀ፣ የቀረው መዝናኛ የጎረቤቱ ወንበር ነው። ለንደን ያለው ታዳሚ ከሜልበርኑ ያነሰ አይጠጣም። ከመካከሉ ግን ሰፈሩ ውስጥ ነጥብ ጽፎ ያደገ ብዙ ስላለ፣ ቁጥሩ ሲወርድ ጩኸቱም መልክ ይይዛል፤ ባለ 180ዋን ካርቶን መቼ እንደሚያነሣ ያውቃል። ያን በ2024 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በሻካራ ድምፁ «መቶ ሰማንያ!» እያለ ያስተጋባ የነበረውን ዳኛ ሩስ ብሬይን ከተጫዋቾቹ እኩል ይወደው የነበረው እንዲህ ያለ ታዳሚ ነው። ሜልበርን ጩኸቱን አስመጣች፤ ሒሳቡን ግን አላስመጣችም።

ለፍትሕ ያህል፣ ከተማዋ ተክሳለች። በኦገስት 2017 የዓለም ተከታታይ ውድድር ወደ ከተማዋ የቴኒስ ሰፈር፣ ያኔ ሃይሴንስ ይባል ወደነበረው አዳራሽ መጣ። አንደርሰን ከሳምንት በፊት ኦክላንድ ላይ ኮሪ ካድቢን 11 ለ 10 አሸንፎ ዋንጫ አንሥቶ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ ለአገር ልጅ ለመጮህ ዝግጁ ሆኖ ነው የገባው። ዋንጫውን ግን 57 ዓመት የሞላው ቴይለር፣ ጸጉሩን በቀለም የሚያቆመውን ስኮትላንዳዊ ፒተር ራይትን 11 ለ 8 አሸንፎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ሌላ ትልቅ ዋንጫ አላነሣም፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ በዓለም ፍጻሜ በሮብ ክሮስ 7 ለ 2 ተረትቶ ተሰናበተ። የሰው ልጅ ታላቁ ወርዋሪ የመጨረሻ ትልቅ ድሉን ያየው ሜልበርን ነው፤ ከተማዋ ግን ይህን ስታወራ አልሰማሁም፤ ወንበሩን ነው የምታወራው። በ2018 ራይት ተመልሶ መጥቶ ማይክል ስሚዝን በዚያው 11 ለ 8 ረታ። በ2019 በማርጋሬት ኮርት አዳራሽ ቫን ገርወን ዳሪል ገርኒን 8 ለ 3 አሸነፈ።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። ውድድሩ በ2022 ወደ አውስትራሊያ ሲመለስ ታውንስቪልና ዎሎንጎንግ ሄደ፤ ሜልበርን ተዘለለች። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ዊትሎክና የፐርዙ ዴመን ሄታ፣ «ሙቀቱ» የሚሉት፣ ፍራንክፈርት ላይ ዌልስን አሸንፈው ለአውስትራሊያ የዓለም ዋንጫ አመጡ። ክበባችን ያንን ያየው በስልክ ነበር፤ ቢሆንም ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ቀሪውን ቁጥር ቀድሞ የሚጠራው ሰው ብዙ ስለነበር ማየቱን የረሳን መሰለኝ።

ዳርት ለእኛ ባዕድ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በሚያዘጋጀው የሠራተኞች የስፖርት ውድድር ከዳማ፣ ከቼዝና ከገበጣ ጎን ይጫወቱታል። ፉትስክሬይ፣ ኒኮልሰን ጎዳና ላይ፣ ማታ ቡና አፍልታችሁ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ የምታስከራክሩን የቡና ቤት ባለቤቶች ይህን አንብቡልኝ። አንድ ሰሌዳ ግዙ። እምብርቱ ከወለሉ 1 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን። መወርወሪያውን መሥመር ለክታችሁ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ ከበሩ ራቅ ይበል፤ ልጆች በፊቱ እንዳያልፉ አግዳሚ ወንበር ጣሉበት። ነጥብ መዝጋቢ ካጣችሁ ማክሰኞ አልችልም፤ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ግን ጠመኔዬን ይዤ እመጣለሁ።